አምራቹ የተዘጋ ሶላር ፓኔል ጣሪያችሁ ላይ ካለ፦ ከፍተሻ እስከ መተካት

የፓኔላችሁ አምራች መዘጋቱን ከሰማችሁ፣ ለጊዜው ምንም አትግዙ፣ ምንም አትሽጡ። ተረጋጉ። ፓኔል ሲም ካርድ የለውም። በየወሩ ክፍያ አይጠይቅም። መስታወት፣ ሲሊከን፣ ሽቦና የአሉሚኒየም ፍሬም ነው፤ የሚንቀሳቀስ አካልም የለውም። ድርጅቱ ቢዘጋም ነገ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ሥራውን ይጀምራል።

ችግሩ ይህን የሚነግራችሁ ሰው ማጣት ነው። ባለሙያ ትጠራላችሁ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይወርድና «እትዬ፣ ይሄ ብራንድ ሞቷል እኮ፤ ሁሉንም አውርደን በአዲስ እንቀይረው» ይላል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ለክቷል ወይ? የሲሊከን ፓኔል በዓመት የሚቀንሰው በአማካይ ከአቅሙ ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። 250 ዋት የነበረው ከ15 ዓመት በኋላም 230 ዋት አካባቢ ይሰጣል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ ባለበት ጊዜ ይህን መጣል በቂ ምክንያት ይፈልጋል።

ድርጅቱ ሲዘጋ የምታጡት ሦስት ነገር ነው፦ ጋራንቲው፣ የፓኔሉ መረጃና አንዱ ሲሰበር የሚተካ መንታው። ከሦስቱ ሁለቱ ወረቀት ናቸው። የሥራው ትልቁ ክፍልም ያንን ወረቀት ራሳችሁ መሥራት ነው።

የምጽፈው በተለይ መሀል ከተማ ላላችሁ ነው፤ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቀበና፣ ሜክሲኮ፣ ልደታ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁና ዋይፋዩ እንዳይቆሙ ብላችሁ ጥቂት ፓኔል፣ አንድ ኢንቨርተር (የፓኔሉንና የባትሪውን ጅረት ለቤት ዕቃ ወደሚሆን መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) እና አንድ ባትሪ የገጠማችሁ ሰዎች።

1ኛ፦ በእርግጥ የተዘጋው ማን እንደሆነ አጣሩ

«ተዘግቷል» የሚባለው ነገር አራት ዓይነት ነው። አራቱም የተለያየ ውጤት አላቸው።

አንደኛው ድርጅቱ ከስሮ ጭራሽ የጠፋበት ነው። የአሜሪካዎቹ ሶሊንድራና ኤቨርግሪን ሶላር እ.ኤ.አ. በ2011 እንዲህ ሆኑ። የጀርመኑ ሶላርወርልድ በ2017 ከሰረ፣ ተነሣ፣ በ2018 እንደገና ወደቀ። ሁለተኛው ስሙን ሌላ የገዛበት ነው። ኪው-ሴልስ በ2012 ሲከስር የኮሪያው ሃንዋ ገዛው፤ ስሙ ዛሬም ገበያ ላይ አለ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ስሙን የገዛ ሁሉ የድሮውን ጋራንቲ ገዝቷል ማለት አይደለም። ሦስተኛው ድርጅቱ በሕይወት እያለ ከፓኔል ሥራ የወጣበት ነው። ኤልጂ በ2022 ከፓኔል ሥራ ወጣ፤ ለሸጣቸው ፓኔሎች የሰጠውን ጋራንቲ ግን እንደሚያከብር ተናግሯል። ሰንፓወር ደግሞ ትንሽ ውስብስብ ነው። በ2020 የፓኔል ማምረቻውን ማክሲዮን በሚል ስም ለየ፤ በ2024 ራሱ ሰንፓወር ለኪሳራ አመለከተ።

አራተኛው እኛ ጋ በደንብ የሚታወቀው ነው፦ አምራቹ አለ፣ የጠፋው አስመጪው ወይም ሱቁ ነው። ሱቁ የነበረበት ሕንፃ ፈርሷል፣ ስልኩ አይነሣም፣ እናንተም «ኩባንያው ተዘጋ» ትላላችሁ። እንዲህ ከሆነ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ በቀጥታ ለአምራቹ ኢሜይል ጻፉ። የፓኔሉን ሴሪያል ቁጥር፣ የደረሰኙን ፎቶና የጉዳቱን ፎቶ አያይዙ። ጋራንቲው አገራችሁን የሚሸፍን መሆኑንም በግልጽ ጠይቁ።

2ኛ፦ ፋይል ክፈቱ

ጠዋት፣ ጣሪያው ደረቅ ሲሆን፣ አንድ ሰው መሰላሉን ይዞላችሁ ውጡ። ከእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት ፎቶ አንሱ። ጀርባው የማይደረስበት ከሆነ ስልኩን በፍሬሙ ሥር አስገብታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ። ወረቀቱ በየዓመቱ እየደበዘዘ ስለሚሄድ ይህን አታሳድሩት።

ከዚያ ቁጥሮቹን ወደ ደብተር ወይም ወደ ኤክሴል አስገቡ። የሚያስፈልጓችሁ ስድስት ናቸው፦ ከፍተኛው ዋት (ፒማክስ)፣ ምንም ሳይገናኝ ያለው ቮልት (ቪኦሲ)፣ በሥራ ላይ ያለው ቮልት (ቪኤምፒ)፣ ሁለቱ ጫፎች ሲነካኩ የሚያልፈው አምፔር (አይኤስሲ)፣ በሥራ ላይ ያለው አምፔር (አይኤምፒ) እና የተፈቀደው ትልቁ ፊዩዝ። የፓኔሉን ርዝመት፣ ስፋትና የፍሬሙን ውፍረት በሜትር ለኩና ጨምሩ። ለእያንዳንዱ ፓኔልም ቁጥር ስጡትና በማይለቅ ቀለም ፍሬሙ ላይ ጻፉት።

ወረቀቱ የሚለውን ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ገበያ ላይ ዋቱ ተጋኖ የተለጠፈበት ፓኔል አይጠፋም። ማጣሪያው ቀላል ነው። ርዝመቱን በስፋቱ አባዙ፣ ስንት ሜትር ካሬ እንደሆነ እወቁ፣ ዋቱን ለእሱ አካፍሉ። አንድ ሜትር ካሬ ከ150 እስከ 230 ዋት ቢሰጥ የሚታመን ነው። 1.65 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ፓኔል «500 ዋት» ከተጻፈበት በሜትር ካሬ 300 ዋት ሊሆን ነው። እንዲህ ያለ ፓኔል ሱቅ ውስጥ አይሸጥም፤ የተለጠፈው ወረቀት ውሸት ነው።

ቀጥሎ የመረጃ ወረቀቱን ፈልጉ። የሞዴሉን ስም ጎግል ላይ አስገቡና ፒዲኤፉን አውርዱ። የድርጅቱ ድረ ገጽ ከጠፋ ዌይባክ ማሽን የሚባለው የቆዩ ገጾች ማከማቻ ውስጥ የድሮውን አድራሻ ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይገኛል። ያገኛችሁትን ስልካችሁ ላይ ብቻ አታስቀምጡ፤ ለራሳችሁ ኢሜይል አድርጉት፣ አንድ ቅጂም አትማችሁ ከቤቱ ካርታና ከውሃ ደረሰኙ ጋር አኑሩት።

አይ ኢ ሲ 61215 እና አይ ኢ ሲ 61730 የሚሉ ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ካሉ መልካም ነው። የመጀመሪያው የጥንካሬ፣ ሁለተኛው የደኅንነት ፈተና ነው። በጥንካሬው ፈተና ውስጥ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ የበረዶ ኳስ በሴኮንድ 23 ሜትር ፍጥነት መስታወቱ ላይ ይተኮሳል። የክረምቱ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ይህን ማወቅ ትንሽ ያረጋጋል።

3ኛ፦ በዓይን ፈትሹ

ከመንካታችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል። ፓኔል ማጥፊያ የለውም። ፀሐይ እስካለች ድረስ ጫፎቹ ላይ ቮልት አለ። ስድስት ፓኔል በተከታታይ (የአንዱ ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር) ከተያያዘ ከ200 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ጅረት ይሆናል፤ ይህ ደግሞ አንዴ ብልጭታ ከጀመረ ከግድግዳው ሶኬት ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ኢንቨርተሩን አጥፉ፣ የፓኔሉን ብሬከር አውርዱ፣ ከዚያ ብቻ ኮኔክተር (የኬብሎቹን ጫፍ የሚያገናኘውን መሰኪያ) ፍቱ። ጅረት እያለፈ ኮኔክተር አይፈታም። መቼም።

አሁን እዩ። መስታወቱ ተሰንጥቋል? የተሰነጠቀ ፓኔል ለጥቂት ጊዜ መሥራቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ውሃ ስለሚገባበት ግን ክረምት ሲመጣ አደገኛ ይሆናል። ይነሣ። ጀርባው ያለው ነጭ ፕላስቲክ ተሰነጣጥቆ ወይም እንደ ዱቄት እጅ ላይ እየቀረ ነው? ይህም ይነሣ። በተለይ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 አካባቢ በተሠሩ አንዳንድ ፓኔሎች ላይ የጀርባው ፕላስቲክ ዓይነት በአሥር ዓመት ውስጥ መሰነጣጠቁ የታወቀ ጉድለት ነው። ቡናማ የተቃጠለ ነጥብ ካያችሁ በማስታወሻችሁ ላይ ክብ አድርጉበት፤ ቀጥሎ ስትለኩ ትመለሱበታላችሁ። ሴሎቹ ላይ ቀንድ አውጣ የሄደበት የሚመስል ቀጭን መስመር ብቻ ካለ ብዙ አትጨነቁ። መልኩን እንጂ ሥራውን ያን ያህል አይነካውም፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ ሴል ሊኖር ስለሚችል ግን መለካቱ አይቀርም።

4ኛ፦ ለኩ

ይህን ደረጃ የሚዘሉት ሰዎች ናቸው በኋላ ጤነኛ ፓኔል የሚጥሉት። የሚያስፈልገው ሰው «ቴስተር» የሚለው ተራ መልቲሜትርና ቢቻል ቀጥተኛ ጅረት የሚያነብ ክላምፕ (ኬብሉን አቅፎ አምፔር የሚለካ መሣሪያ) ነው። መርካቶ ስትገዙ ልብ በሉ፦ ብዙዎቹ ርካሽ ክላምፖች የቤቱን መብራት ብቻ እንጂ የፓኔል ጅረት አያነቡም። መዞሪያው ላይ ከአምፔር ምልክቱ አጠገብ አንድ ቀጥ ያለ መስመርና ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ከሌለ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሰዓቱን ምረጡ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከፍተኛው ቦታ የምትደርሰው ልክ በስድስት ሰዓት አይደለም፤ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ሰማዩ ጥርት ያለበት ቀን ይሁን፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ተመራጭ ናቸው። ደመና በሚመላለስበት ቀን አትለኩ፤ የደመናው ጠርዝ ብርሃኑን ወደ ፓኔሉ ስለሚመልስ አንዳንዴ ወረቀቱ ላይ ካለው በላይ አምፔር ያሳያችኋል፣ ወዲያው ደግሞ ግማሹን።

አንድ ፓኔል ለብቻው ነጥላችሁ በመጀመሪያ ቮልቱን ለኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ሴሉ 25 ዲግሪ ሲሆን የሚገኝ ነው። እኩለ ቀን ላይ ግን ሴሉ 50 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ቮልቱም በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 37.6 የሚል ፓኔል 35 ቢያሳያችሁ ጤነኛ ነው። ባለ 60 ሴል ፓኔል ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው፤ እያንዳንዱን ክፍል አንድ ዳዮድ (ጅረትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ አካል) ይጠብቀዋል። ጎረቤቶቹ 35 ሲያሳዩ አንዱ 23 ወይም 24 ካሳየ ከሦስቱ አንዱ ክፍል ወድቋል። 12 አካባቢ ካሳየ ሁለቱ ወድቀዋል። ዜሮ ከሆነ ኬብሉን ወይም ኮኔክተሩን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ አምፔር። እዚህ ትንሽ ዘዴ አለ። የፓኔሉን ፊት በወፍራም ብርድ ልብስ ወይም በካርቶን ሸፍኑ። ሁለቱን ጫፍ አገናኙ። ክላምፑን በኬብሉ ዙሪያ አድርጉ። ሽፋኑን አንሡ፣ አንብቡ፣ መልሳችሁ ሸፍኑ፣ ከዚያ ፍቱ። ሽፋኑ ብልጭታውን ያስቀራል። ክላምፕ ከሌላችሁና በመልቲሜትሩ ባለ 10 አምፔር ቀዳዳ የምትለኩ ከሆነ ትልልቆቹን አዲስ ፓኔሎች አትሞክሩ፤ 14 አምፔር ገደማ ስለሚሰጡ የመሣሪያውን ፊዩዝ ያቃጥሉታል።

ያገኛችሁትን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳይሆን ከጎረቤቱ ፓኔል ጋር አወዳድሩት። ይህ ሰዎች የማይሰሙኝ ነገር ነው። ወረቀቱ የተጻፈው በላቦራቶሪ ብርሃን ነው፤ እናንተ ያላችሁት የፒያሳ ጭስና አቧራ ያለበት ሰማይ ነው። በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ጣሪያ፣ በዚያው አቅጣጫ ያለ ፓኔል ግን ሐቀኛ ምስክር ነው። አራቱ 7.4፣ 7.5፣ 7.3 እና 5.9 ካሳዩ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ አወቃችሁ። መጀመሪያ አጥባችሁ ድጋሚ ለኩት፤ የወፍ ኩስ ብቻ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ከፖዘቲቩ ወደ ፍሬሙ፣ ከኔጌቲቩ ወደ ፍሬሙ ቮልት ለኩ። ቁጥሩ ብቅ ብሎ ወደ ዜሮ ከወረደ ደህና ነው። ጸንቶ ከቆመ ጅረት ወደ ፍሬሙ እየፈሰሰ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ደግሞ ይህ ቀልድ አይደለም። ያንን ፓኔል ከሥራ አውጡት። ፍሬሞቹ ሁሉ በኧርዝ ሽቦ ከምድር ጋር መገናኘታቸውንም ያኔውኑ አረጋግጡ።

በየዓመቱ በዚያው ወር ድገሙት። የሁለት ዓመት ቁጥር ሲኖራችሁ የትኛው ፓኔል እያረጀ፣ የትኛው እየታመመ እንደሆነ ይለያል።

5ኛ፦ የሚጠገነውን ጠግኑ

ከቮልቱ አንድ ሦስተኛው የጎደለው ፓኔል ካለ ጥፋቱ ዳዮዱ ሊሆን ይችላል። ከጀርባ ያለችውን ጥቁር ሳጥን እዩ። ክዳኗ በብሎን ወይም በመቆንጠጫ የሚከፈት ከሆነ ፓኔሉን ሸፍናችሁ፣ ከመስመሩ ነጥላችሁ ክፈቱ። የተቃጠለውን ዳዮድ ፈትታችሁ ቁጥሩን አንብቡና የአምፔርና የቮልት አቅሙ እኩል ወይም የሚበልጥ ሾትኪ ዳዮድ ከኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቅ ግዙ። አቅጣጫው እንዳይገለበጥ። ሳጥኗ በጥቁር ሙጫ ተሞልታ ከተደፈነች ግን አትቆፍሩ፤ ጀርባውን ትበሱትና ፓኔሉን ታጡታላችሁ።

ኮኔክተር ላይ ጥብቅ ነኝ። ኤም ሲ ፎር የሚባለው ኮኔክተር ብዙ አስመሳይ አለው። የተለያየ አምራች ወንዴና ሴቴ «ቀጭ» ብለው ይገጣጠማሉ፣ ውስጥ ያለው ብረት ግን በደንብ አይነካካም። ይግላል። ይቀልጣል። ከዚያ እሳት። የድሮው ፓኔል ኮኔክተር መንታው ካልተገኘ የሁለቱንም ጎን ቆርጣችሁ ከአንድ አምራች በተገዛ አዲስ ጥንድ ቀይሩ፤ በትክክለኛው መጭመቂያ ይጨመቅ። በፒንሳ ተጨምቆ በፕላስተር የተጠቀለለውን «ችግር የለውም ጋሼ» የሚላችሁን ሠራተኛ በትሕትና አሰናብቱት።

6ኛ፦ አንዱ ሲሰበር መተኪያ ምረጡ

መንታውን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። የምትፈልጉት የሚስማማውን ነው። ሕጉ አጭር ነው። በተከታታይ የተያያዙ ፓኔሎች አምፔራቸው ይቀራረብ፤ ጎን ለጎን (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር) የተያያዙ ፓኔሎች ቮልታቸው ይቀራረብ።

በቁጥር እንየው። ሦስት ባለ 250 ዋት ፓኔል በተከታታይ አላችሁ እንበል። እያንዳንዱ በሥራ ላይ 30.5 ቮልትና 8.2 አምፔር ይሰጣል፤ ቪኦሲው 37.6 ነው። አንዱ ተሰበረ። ሱቅ ሄዳችሁ ያገኛችሁት 550 ዋት ነው፤ በሥራ ላይ 42 ቮልት፣ 13 አምፔር፣ ቪኦሲው 49.8። ብትገጥሙት ይሠራል? ይሠራል። ጅረቱ ግን በድሮዎቹ 8.2 ይወሰናል። ለ550 ዋት የከፈላችሁበት ፓኔል ከ340 እስከ 370 ዋት ገደማ ይሰጣችኋል። ቀሪው ጣሪያው ላይ ይቀራል።

አሁን ጠቅላላ ቮልቱን አስሉ። ሁለት ጊዜ 37.6 ሲደመር 49.8፣ 125 ይሆናል። ኅዳር ጠዋት አየሩ 5 ዲግሪ ሲሆን ቮልቱ 6 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ 132 ተኩል አካባቢ ገባ። ኢንቨርተራችሁ 145 ቮልት ድረስ የሚቀበል ከሆነ አለፋችሁ። በዚያው መስመር አራተኛ ብትጨምሩ ግን ኢንቨርተሩን አቃጠላችሁት። 450 ወይም 500 ቮልት የሚቀበሉት ዓይነቶች ሰፊ ቦታ አላቸው። ምን ያህል እንደሚቀበል ጎኑ ላይ ተጽፏል፤ ሻጩን ሳይሆን እሱን አንብቡ።

ተቃራኒውን ስህተት አትሥሩ። አምፔሩ ከድሮዎቹ ያነሰ ፓኔል፣ ለምሳሌ 5.5 አምፔር የሚሰጥ ባለ 100 ዋት፣ በመስመሩ ውስጥ ከገባ ሌሎቹን ይጎትታል። መተኪያው እኩል ወይም ትንሽ የሚበልጥ ይሁን፣ አያንስ።

ክብደትም አለ። የድሮው 18 ወይም 19 ኪሎ ነው፤ ባለ 550 ዋቱ 27 ኪሎ ያልፋል፣ ርዝመቱም ከ2.2 ሜትር ይበልጣል። የአራት ኪሎና የፒያሳ የድሮ ጭቃ ቤቶች ጣሪያ እንጨቱ ስንት ዘመን እንደሸከመ እናንተው ታውቁታላችሁ። ፍሬሙ ድሮ 40 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አሁን 35 ወይም 30 ነው፤ የድሮው መቆንጠጫ አይዘውም። ብረት ሥራ ቤት ወይም መርካቶ ምናለሽ ተራ ናሙና ይዛችሁ ብትሄዱ የሚስማማውን ይሠሩላችኋል።

የእኔ ምርጫ ሌላ ነው። ኢንቨርተራችሁ ሁለት የፓኔል መግቢያ ካለው የድሮዎቹን በአንዱ፣ አዲሱን በሌላው አድርጉ። እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ይሠራል፣ ማንም ማንንም አይጎትትም። መግቢያው አንድ ብቻ ከሆነ ለአዲሱ የራሱ ቻርጅ ኮንትሮለር (የባትሪውን አሞላል የሚቆጣጠር መሣሪያ) ገዝታችሁ በቀጥታ ወደ ባትሪው አስገቡት። ያገለገለ ባለ 60 ሴል ፓኔል ፈልጎ መተካትም አዋቂ ሥራ ነው። ከፒያሳና ከካዛንቺስ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የተነሡ ቤቶች ጣሪያቸውን ሲያወርዱ ፓኔልም አብሮ ይወርዳል፤ የምታውቁትን ሰው ጠይቁ። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ቴስተሩን ይዛችሁ ሂዱና በፀሐይ ለኩት። ሻጩ «ቤት ውስጥ ነው፣ አሁን አይወጣም» ካለ ተዉት።

7ኛ፦ ኢንቨርተሩን አትርሱ

የፓኔል አምራች ቢሞት ትተኛላችሁ። የኢንቨርተር አምራች ሲሞት ግን ቶሎ ተንቀሳቀሱ። እሱ ሶፍትዌር አለው፣ ከአፕሊኬሽን ጋር ይነጋገራል፣ መለዋወጫ ይፈልጋል። ሰርቨሩ ሲዘጋ አፑ ባዶ ይሆናል፤ መሣሪያው ራሱ ግን ብዙ ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። ዛሬውኑ በስክሪኑ ላይ ያሉትን ቅንብሮች አንድ በአንድ እያገላበጣችሁ ፎቶ አንሱ፤ በተለይ የባትሪውን ዓይነት፣ የመሙያና የማቆሚያ ቮልቱን። ኢንቨርተሩ ተበላሽቶ ሌላ ስትገዙ እነዚያ ቁጥሮች ባትሪያችሁን ያድኑታል።

ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ፓኔል ካለ ደግሞ ጀርባውን እዩ። አንዳንዶቹ፣ የሰንፓወር አንዳንድ ሞዴሎችም ጭምር፣ ትንሽ ኢንቨርተር ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። እሱ ለአሜሪካ 60 ኸርዝ የተስተካከለ ነው፤ የእኛ 50 ነው፤ አይግባቡም። ባለሙያ ያንን ትንሽ ኢንቨርተር ከፈታው ከሥሩ ያለው ተራ ፓኔል ነው፣ ከሌሎቹ ጋር መሥራት ይችላል።

በምንም መንገድ ግን የኢንቨርተሩን መውጫ ሶኬት ላይ በመሰካት ወደ ቤቱ መስመር አትላኩ። መብራት ሲጠፋ ምሰሶ ላይ የሚሠራው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ሽቦው ሞቷል ብሎ ነው የሚነካው።

8ኛ፦ እጠቡ፣ አቅጣጫውን አስተካክሉ

በበጋ የመንገድና የግንባታ አቧራ ወፍራም ስለሆነ በወር ሁለቴ ማጠብ አይበዛም። በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይግል፣ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ። ኦሞና ሽቦ አይነካውም። ክረምት ላይ ዝናቡ ያጥብላችኋል።

ፓኔሉን አውርዳችሁ የምትሰቅሉ ከሆነ ብዙ አታጋድሉት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ በእኩለ ቀን በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል ማለት ይበቃል፤ ውሃውና አቧራው እንዲወርድም ያግዛል።

9ኛ፦ ሻጩን ጠይቁ፣ ግን ቶሎ

አምራቹ ባይኖርም የሸጠላችሁ ሰው አለ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ በደረሰኙ ላይ ከዚያ የሚረዝም ጋራንቲ ከጻፈ እሱ ይጸናል። ያለ ደረሰኝ የገዛችሁ ከሆነ ክርክሩ ያደክማችኋል። የተከሰተውን በፎቶና በለካችሁት ቁጥር አስደግፋችሁ በጽሑፍ ስጡት፣ የተቀበለበትን ፊርማም ያዙ።

ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ጣሪያው የጋራ ነው። ፓኔል ከመቀየራችሁ በፊት ከማኅበሩ ኮሚቴ የጽሑፍ ስምምነት ውሰዱ፤ አለበለዚያ ከላይ ፎቅ ያለው ጎረቤት ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር እናንተ ናችሁ የምትጠሩት።

10ኛ፦ ያለቀለትን አስወግዱ

የተሰበረውን ፓኔል ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ጠቃሚውን ለራሳችሁ አስቀሩ። ኬብሉ፣ ኮኔክተሩና ዳዮዶቹ ለቀሪዎቹ መለዋወጫ ይሆናሉ፤ አምራቹ ከሌለ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መለዋወጫ አታገኙም። የአሉሚኒየም ፍሬሙ ዋጋ አለው፤ በኪሎ ይሸጣል። ሴሎቹን የሚያያይዘው ብየዳ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ እርሳስ ስላለ መስታወቱን ሰባብራችሁ ወንዝ ዳር ወይም ቱቦ ውስጥ አትጣሉ። ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ሙሉውን አቁማችሁ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ስጡ።

የተሰበረ ፓኔልም ፀሐይ ካየ ቮልት ይሰጣል። ኬብሉን ከመቁረጣችሁ በፊት ፊቱን ሸፍኑ፤ ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ሳይሆን አንድ በአንድ ቁረጡ፣ ጫፋቸውን በፕላስተር ጠቅልሉ። የሚወስደውንም ሰው ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ እንዲጭነው ንገሩት።